የተሰረዘ ፋይል የሚጠፋው መቼ ነው? ለየዲስኩ የሚሆነውን ማጥፊያ መምረጥ

ባለፈው ክረምት ለእህቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሻጩ «ጽድት ያለ ነው፤ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል» አለኝ። አልዋሸም። ስከፍተው ዴስክቶፑ ላይ ከሪሳይክል ቢን በቀር ምንም የለም። ለልጁ ከመስጠቴ በፊት ግን ሬኩቫ የተባለውን ነጻ የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነሳሁና ዲስኩን እንዲፈትሽ ተውኩት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ዝርዝሩ መጣ።

ካባ የለበሱ ሙሽሮች። የሕፃን ልደት። የአንዲት ሴት ፓስፖርት ስካን፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ የሚነበብ። ከሥሩ ደግሞ «የፍቺ ማመልከቻ የመጨረሻው» የሚል የወርድ ፋይል። እሱ ተበላሽቷል፤ አይከፈትም። ስሙ ግን በቂ ነበር። ፕሮግራሙን ዘጋሁት።

ያቺ ሴት ፋይሎቿን ሰርዛለች። ሻጩም ፎርማት አድርጓል። ሁለቱም የሚያውቁትን ያህል አደረጉ። የጎደለው የሚነግራቸው ሰው ነው። ስለዚህ ያሉትን የማጥፊያ መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የትኛው ለየትኛው ዲስክ እንደሚሆን የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዲሊት ስንል ኮምፒውተሩ ምን ያደርጋል?

ፋይል ስትሰርዙ መጀመሪያ ወደ ሪሳይክል ቢን ይሄዳል። ያ ቦታ መቀየር ብቻ ነው። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ስታደርጉት ደግሞ ዊንዶውስ መዝገቡን ይከፍትና «ይህ ቦታ ነጻ ነው» ብሎ ይጽፋል። ስሙ ከቀበሌ መዝገብ ተሰርዞ እቤቱ ቁጭ ያለ ሰው ማለት ነው። አዲስ ተከራይ መጥቶ ቤቱን እስኪይዝ ድረስ አይወጣም። 500 ጊጋባይት ካለው ዲስክ 60 ጊጋባይቱን ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ የሰረዘው ፎቶ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ሊቀመጥ ይችላል።

ኩዊክ ፎርማትም ከዚህ አይሻልም። አሮጌውን መዝገብ ጥሎ አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል፤ ቤቶቹን አይነካም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግን «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ሙሉውን ፎርማት ካደረጋችሁ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። በአንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ያለች ምልክት ይህን ያህል ልዩነት ታመጣለች።

ችግሩ የቆየ ነው። ሲምሰን ጋርፊንክል እና አብሂ ሼላት የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመው ነበር። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። ከአምስት ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አገኙ። አንዱ ዲስክ የወጣው ከኤቲኤም ማሽን ነበር።

ከሁሉ በፊት ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁ

ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ምክሮች የተጻፉት ለአሮጌው፣ ለሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። ያንኑ ምክር ኤስኤስዲ (ሶሊድ ስቴት የሚባለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) ላይ ብትሞክሩት ሰዓት ታባክናላችሁ፣ የዲስኩን ዕድሜ ትቀንሳላችሁ፣ ፋይሉም ሊቀር ይችላል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ሰው ደክሞ ሠርቶ «አጠፋሁ» ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል፤ ፋይሉ ግን አለ።

ለማወቅ ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ከታች በመፈለጊያው «ዲፍራግመንት» ብላችሁ ጻፉ። የሚከፈተው መስኮት ከእያንዳንዱ ድራይቭ አጠገብ ሃርድ ዲስክ ወይም ሶሊድ ስቴት ብሎ ያሳያችኋል።

ሃርድ ዲስክ ከሆነ

እዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ሃርድ ዲስክ «እዚህ ላይ ጻፍ» ሲባል እዚያው ላይ ይጽፋል። ስለዚህ አሮጌው ላይ አዲስ ነገር ከተጻፈበት አለቀ። ጥያቄው ምን ያህሉን ታጠፋላችሁ ነው፦ አንድ ፋይል፣ ባዶ የተባለውን ቦታ ሁሉ፣ ወይስ ዲስኩን በሙሉ?

ላፕቶፑን እየተጠቀማችሁበት፣ ከዚህ በፊት የሰረዛችሁት እንዳይመለስ ብቻ ከፈለጋችሁ እኔ የማስቀድመው ሳይፈር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ ሳይፈር ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ክፍተት፣ ከዚያ ወደፊት ያዘመመች ስላሽ፣ ደብሊው፣ ሁለት ነጥብ፣ የድራይቩ ፊደል፣ በመጨረሻ እንደገና ሁለት ነጥብ። ያሉትን ፋይሎች አይነካም። ነጻውን ቦታ ሦስት ጊዜ ይሞላዋል፦ አንዴ በዜሮ፣ አንዴ በተቃራኒው፣ አንዴ በዘፈቀደ ቁጥር። ሰዓታት ይፈጃል። መሃል ላይ «ዲስኩ ሞልቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ሥራው ያ ነው። መብራት ጠፍቶ ከተቋረጠ የሞላበት ጊዜያዊ ፎልደር ድራይቩ ላይ ተርፎ ቦታ ሊይዝባችሁ ይችላል፤ እሱን ሰርዛችሁ እንደገና ጀምሩ።

ኤስዲሊት የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ መሣሪያ ነው፤ የጻፈው ማርክ ሩሲኖቪች ነው። እሱም በትእዛዝ ነው የሚሠራው። አንድን ፋይል ሲያጠፋ ይዘቱን ከደመሰሰ በኋላ ስሙን 26 ጊዜ ይቀይረዋል፤ እያንዳንዱን የስሙን ፊደል በኤ ይተካል፣ ቀጥሎ በቢ፣ እያለ እስከ ዜድ። ያ የፍቺ ማመልከቻ በኤስዲሊት ቢጠፋ ኖሮ ስሙ አይደርሰኝም ነበር። አንድ ጉድለት አለው። ቀድሞ በተራ ዲሊት የተሰረዙ ፋይሎችን ይዘት ከነጻው ቦታ ያጸዳል፣ ስማቸውን ግን አያጸዳም።

ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ኢሬዘር አለ። ነጻ ነው። ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ማጥፋት ነው። ከሁሉ የምወድለት ቀጠሮ መያዙን ነው። የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ላላቸው፣ ኢንተርኔት ካፌ ለሚያስተዳድሩ፣ ዲቪ ለሚሞሉ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዲቪ ሰሞን ስንት ሰው ፎቶውንና ፓስፖርቱን እዚያ ዴስክቶፕ ላይ ጥሎ ይሄዳል? «ማታ ማታ ዳውንሎድ ፎልደሩን አጥፋ» ብላችሁ አንዴ ብታስተካክሉት የደንበኛን አደራ ጠበቃችሁ ማለት ነው።

ብሊችቢት ደግሞ ሥራው ሰፊ ነው። ነጻ ቦታ ከማጽዳት በላይ የብራውዘር ታሪክ፣ የቅርብ ጊዜ ፋይሎች ዝርዝር፣ የትንንሽ ምስሎች ክምችት ይጠርጋል። ሊኑክስም ላይ ይሠራል። ምልክት የምታደርጉበትን ግን አንብቡ፤ ያስቀመጣችኋቸውን ፓስወርዶች አብሮ ሊወስድ ይችላል።

ዲስኩን በሙሉ የምታጸዱ ከሆነ፣ ማለትም ልትሸጡ ወይም ለሰው ልትሰጡ ከሆነ፣ ከፍላሽ የሚነሣ ፕሮግራም ይሻላል። ዲባን ለብዙ ዓመታት የታወቀው ነው። ዛሬ ግን ሽሬድኦኤስን እመርጣለሁ፤ አዳዲስ ማሽኖች ላይ በቀላሉ ይነሣል። ሁለቱም የሚያጠፉት ሁሉንም ነው፣ ዊንዶውሱን ጨምሮ። ኤክስተርናል ዲስክ ሰክታችሁ ከረሳችሁት እሱም ተመርጦ ሊሄድ ይችላል። የማይጸዳውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ንቀሉ።

ማናቸውንም ብትመርጡ ከዋናው ምንጭ አውርዱ። እነዚህ ፕሮግራሞች ነጻ ናቸው። ክራክ የተደረገ ማጥፊያ ከቴሌግራም ቻናል ማውረድ ሌባን ለቤት ጥበቃ እንደመቅጠር ነው።

ስንት ጊዜ መደጋገም?

አንዳንድ ፕሮግራም ላይ 35 ጊዜ የሚል ምርጫ ታያላችሁ። መነሻው ፒተር ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ያኔ የነበሩትን የተለያዩ የዲስክ አጻጻፎች ሁሉ እንዲሸፍን የተዘጋጀ ነበር፤ ሠላሳ አምስቱም ለአንድ ዲስክ አያስፈልጉም። ራሱ ጉትማን በኋላ ይህንኑ ተናግሯል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያም ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር በቂ መሆኑን አስፍሯል።

እስቲ አስሉት። በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ለአንድ ዙር ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለ35 ዙር አራት ቀን። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር አራት ቀን ሳይቋረጥ ማስኬድ ከባድ ነው። የሰው ነገር፣ ረጅሙን ጀምሮ ይሰለችና መሃል ላይ ያቋርጠዋል። አንዴ፣ በደንብ፣ እስከ መጨረሻው። ይበቃል።

ኤስኤስዲ ከሆነ

ኤስኤስዲ ውስጥ እንደ መጋዘን ኃላፊ የሚሠራ ቺፕ አለ። እናንተ «ይህን ጆንያ እዚያኛው ላይ ደርበው» ትሉታላችሁ፣ እሱ ግን መደርደሪያዎቹ እኩል እንዲያረጁ ስለሚፈልግ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። አሮጌው ጆንያ የነበረበት ይቀራል። እናንተ ጭራሽ የማታዩት ትርፍ ቦታም አለው። ስለዚህ ኢሬዘር «አጠፋሁት» ሲል እውነቱን የሚያውቀው ቺፑ ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ቺፖቹን አውጥተው በቀጥታ አንብበው ነበር። አንድን ፋይል ብቻ ለይተው ያጠፋሉ የተባሉት ዘዴዎች ከፋይሉ ይዘት ከ4 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን አስቀርተው ተገኙ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ትሪም ይበቃል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያለ ነው። ፋይል ስትሰርዙ ዊንዶውስ ለዲስኩ «ይህ አያስፈልግም፣ ልታጸዳው ትችላለህ» ብሎ ይልክለታል። ከዚያ በኋላ እንደ ሬኩቫ ያሉ ፕሮግራሞች በአብዛኛው ባዶ ነው የሚያገኙት። ቅድም ያልኳችሁ የዲፍራግመንት መስኮት ላይ ኦፕቲማይዝ የሚለውን ብትጫኑ ትሪሙ ለመላው ነጻ ቦታ እንደገና ይላካል። በኤስኤስዲ ላይ ነጻ ቦታን በሳይፈር ከመሙላት ይህ ይሻላል፤ ጊዜም ዲስክም አይጎዳም። ነገር ግን በዩኤስቢ በሚሰካ ሳጥን ውስጥ ያለ ኤስኤስዲ ብዙ ጊዜ የትሪም መልእክት አይደርሰውም።

ልትሸጡት ከሆነ ግን ትሪም ላይ አትቁሙ። ቺፑን ራሱን «ያለህን በሙሉ ደምስስ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ሴኪዩር ኢሬዝ ይባላል። እዚህ አገር በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ይህን ይዘው ነው የሚመጡት። ብዙዎቹ ዴል ላቲቲዩዶች ባዮሳቸው (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ዴታ ዋይፕ የሚል አላቸው። የኤችፒ ኤሊትቡኮች ሴኪዩር ኢሬዝ ይሉታል። ለሌኖቮ ቲንክፓድ ኩባንያው ያዘጋጀው ማጥፊያ አለ። የዲስኩ አምራቾችም የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፣ ለምሳሌ ሳምሰንግ ማጂሽያን። ትርፉን ቦታ ጭምር የሚነካው ይህ ስለሆነ ለኤስኤስዲ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው።

ባዮስ መግባት ለሚፈራ ሰው የዊንዶውሱ ሪሴት አለ። ሪከቨሪ ውስጥ ገብታችሁ «ሁሉንም አስወግድ» ትመርጣላችሁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። «ቼንጅ ሴቲንግስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች። እሷን ከፍታችሁ ክሊን ዴታ የሚለውን ካላበራችሁ ፋይሎቹ ከመዝገቡ ብቻ ነው የሚወጡት። ማይክሮሶፍት ራሱ ይህ ለቤት ተጠቃሚ እንጂ የመንግሥትና የድርጅት የማጥፊያ ደረጃን የሚያሟላ አይደለም ይላል። ላፕቶፕ ለዘመድ ለመስጠት ይበቃል። የደንበኛ መዝገብ ላለበት የቢሮ ኮምፒውተር አይበቃም።

ማክ ያላችሁ፣ አፕል ከትራሽ ውስጥ የሚያጠፋውን «ሴኪዩር ኤምፕቲ» እ.ኤ.አ. በ2015 አስወግዶታል፤ ምክንያቱም በኤስኤስዲ ላይ ዋስትና ሊሰጥ አልቻለም። ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈውን ፋይልቮልትን አብሩ። በአዲሶቹ ማኮች ደግሞ «ኢሬዝ ኦል ኮንተንት ኤንድ ሴቲንግስ» የሚለው ቁልፉን ስለሚያጠፋ ሥራው በአፍታ ያልቃል።

ከሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መቆለፍ

ቁልፍ ስል ኢንክሪፕሽን ማለቴ ነው። ዲስኩ ከመጀመሪያው ተቆልፎ ከሆነ ማጥፋት ማለት ቁልፉን መጣል ብቻ ነው። የተረፈ ነገር ቢገኝ እንኳ የማይፈታ ቁጥር ነው። የተሰረቀ ላፕቶፕም በዚህ ይሸፈናል፤ ሌባ እስክታጸዱ አይጠብቅማ።

ዊንዶውስ ፕሮ ላይ ቢትሎከር አለ። ሆም ላይ ብዙ ማሽኖች ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን አላቸው፤ ከሌላቸው ቬራክሪፕት በነጻ ይሠራል። ቢትሎከር ስታበሩ አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል፦ የተያዘውን ቦታ ብቻ ልቆልፍ ወይስ ሙሉውን ድራይቭ? ሲጠቀሙበት የቆዩት ላፕቶፕ ከሆነ ሙሉውን ምረጡ። የተያዘውን ብቻ ካላችሁ የሰረዛችኋቸው አሮጌ ፋይሎች ሳይቆለፉ ይቀራሉ። ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ብትቆልፉም ቀድሞ ሳይቆለፍ የተጻፈ ነገር በማይታየው ትርፍ ቦታ ሊቀር ስለሚችል፣ አዲስ ላፕቶፕ የገዛችሁ ዕለት ቆልፉት። የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ሰነድ ጋር አስቀምጡ። እሱ ከጠፋ የእናንተም ፋይል አብሮ ነው የሚሄደው።

ከአሜሪካም ከአውሮፓም አሮጌ ላፕቶፕ በሻንጣ ይዛችሁ ለቤተሰብ የምታመጡ ወገኖች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። የታክስ ፎርማችሁ፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራችሁ እዚያ ውስጥ ነው። ወንድማችሁን ታምኑታላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ወንድማችሁ ከሁለት ዓመት በኋላ ለማን እንደሚሸጠው ግን አታውቁም።

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ

ባጭሩ፦ ፍላሽም እንደ ኤስኤስዲ የራሱ ቺፕ አለው፤ ሴኪዩር ኢሬዝ ግን አብዛኛው የለውም። ሙሉ ፎርማት አድርጋችሁ የማይጠቅም ቪዲዮ እስኪሞላ ጫኑበት፣ ለተራ ነገር ይበቃል። ከባድ ምስጢር የነበረበት ከሆነ ለሰው አትስጡት። ዋጋው አያስቆጭም፤ ሰባብሩት።

ፋይሉ ሄዶ ጥላው ሲቀር

ዋናውን ፋይል አጥፍቶ ቅጂውን መርሳት ከሁሉ የተለመደው ስህተት ነው። በቴሌግራም የተላከላችሁ ሰነድ ዳውንሎድስ ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ ይገኛል። የፎቶው ትንሽ ምስል በዊንዶውስ ክምችት ውስጥ ይቀራል። ላፕቶፑ በሃይበርኔት ሲተኛ ሜሞሪው ላይ የነበረውን ሁሉ ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ የተከፈተውን ሰነድ ጨምሮ። ዊንዶውስ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጣቸው ሪስቶር ፖይንቶችም አሮጌ የፋይል ቅጂ ሊይዙ ይችላሉ። ደመና ላይ ደግሞ ጉግል ድራይቭም የግል ዋንድራይቭም የሰረዛችሁትን በራሳቸው ትራሽ 30 ቀን ያቆያሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቅጂዎቹን ፈልጋችሁ ሰርዙ፤ ብሊችቢት እዚህ ላይ ብዙ ያግዛል። ቀጥሎ የደመናውን ትራሽ ባዶ አድርጉ። ነጻ ቦታ ማጽዳት የመጨረሻው ነው። አስቀድማችሁ ካጸዳችሁ፣ በኋላ የምትሰርዙት እንደገና ይተርፋል።

መሰባበር

ዲስኩ ተበላሽቶ ኮምፒውተሩ ካላነበበው ሶፍትዌር አይደርስበትም። ሌላ ባለሙያ ግን ሊጠግነውና ሊያነበው ይችላል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ክዳኑን ፈታችሁ ውስጥ ያሉትን የሚያብረቀርቁ ክቦች አውጡና ሰባብሩ። የአንዳንዱ ክብ መስታወት ስለሆነ ይረጫል፤ መነጽርና ወፍራም ጨርቅ ያስፈልጋል። ኤስኤስዲን አንድ ቦታ መብሳት አይበቃም፤ ጥቁሮቹ ቺፖች አንድ በአንድ መድቀቅ አለባቸው። ማግኔት ለኤስኤስዲ ምንም አያደርግም።

አጥፍቶ መፈተሽ

በምንም መንገድ ብታጠፉ ከመሸጣችሁ በፊት ራሳችሁ ፈትሹት። ሬኩቫ ወይም ፎቶሬክ አስነሡ፣ ጥልቁን ፍተሻ ምረጡ፣ የሚመጣውን ተመልከቱ። አንድ የራሳችሁ ፎቶ እንኳ ከተከፈተ ሥራው አላለቀም።

ያ የገዛሁት ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነበረው፣ 500 ጊጋባይት። የፋይሎቹ ስም ጭምር እንዲሄድ ስለፈለግሁ ነጻውን ቦታ ብቻ ሳይሆን መላውን ዲስክ በሽሬድኦኤስ አጸዳሁት፣ አንድ ዙር። አርባኛው ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው አሮጌ ስለነበር ልቤ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ግን መብራቱ እስኪመለስ ቻለ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አለቀ። ዊንዶውስ እንደገና ጫንኩና ሬኩቫን አስነሣሁ። የመጡት ዊንዶውሱ ራሱ ሲጫን የፈጠራቸው ጊዜያዊ ፋይሎች ብቻ ናቸው። ሙሽሮቹ የሉም። ፓስፖርቱ የለም። በማግስቱ ላፕቶፑን ለልጁ ሰጠሁት።